ኩኩሉ ስለው

ሚኪ፣ ሰላም ነህ ወይ?

ፒያሳ፣ እሪ በከንቱ፣ አክስቴ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ልጆች ኩኩሉ ሲጫወቱ አያለሁ። እንደ ሐዋሳ ዛፍ ስለሌለ ከቆሙ መኪኖች ኋላ ነው የሚሸጎጡት። «አጮለቅክ! አጭበርባሪ!» እያሉ ይሳሳቃሉ።

እኔና ሟቹ ወንድሜ ሉሌ ያደግነው እዚሁ ነው። አባባ ጠጥቶ መጥቶ እማዬን ሲመታ፣ ሉሌ ፊቴን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ያጫውተኝ ነበር። «ኩኩሉ» ስለው «አልነጋም» ይለኛል። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሳቁን የሚያፍን ይመስለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም እንደ ጨዋታ ነበር የማስታውሰው። የእነዚህን ልጆች ሳቅ ስሰማ ግን የሱ ድምፅ ሳቅ እንዳልነበረ ገባኝ። ፈርቶ ነበር። እሱም እኮ ገና ሦስተኛ ክፍል ነበር።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትህን ሰላም በልልኝ። ትንሹን ወንድምህን ሳምልኝ፤ ኩኩሉ ሲልህ ዝም አትበለው።

ያሬድ