የዕቃ ቤቱ ማብሪያ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ታማርሪያለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ በአዲሱ ቤት የትኛው ክፍል የማን እንደሚሆን ሲነታረኩ ይውላሉ።

አዎ፣ ቤት ልንገዛ ነው። ነገ ጠዋት እንፈራረማለን። ከአከራይ ግልምጫ ልገላገል ነው ብዬ እልል ማለት ሲገባኝ አንጀቴ እርር ብሏል።

መጠርጠር እንደማልተው ታውቂያለሽ። ደላላውን ጠረጠርኩት፤ ሳይጠየቅ የሚምል ሰው አልወድም። ቀለሙ አዲስ ሲሆንብኝ ግድግዳውን በጥፍሬ ፋቅኩት። ቧንቧውን ሁሉ ከፈትኩ፣ ጎረቤት አጠያየቅኩ። ሻጭዋንማ ተይኝ! ብቻዋን የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት፤ ቆንጆ፣ ትሁት። ይህን የመሰለ ቤት ለምን እንደምትሸጥ ስጠይቃት “ደከመኝ” ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ባሌ “አንቺ ሴትዮ፣ እባክሽ ሰው እመኚ” እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ያልጠረጠርኩት እሱን ብቻ ነበር።

ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ ልናየው ሄድን። እሱ “ሥራ በዛብኝ፣ አንቺ ካየሽው ይበቃል” እያለ ቤቱን ረግጦት አያውቅም ነበር። ዕቃ ቤቱ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ደላላው ግድግዳውን ቢዳብስ ቢዳብስ ማብሪያ የለም። ለካ ማብሪያው ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ኖሯል። ባሌ ስልክ እያወራ መጣና፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ እጁን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሰዶ ቀጭ አደረገው። ደላላው “ጎበዝ!” አለ። ሻጭዋ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ደርቄ ቀረሁ፣ እትዬ።

ቤት ስንገባ ስለ ማብሪያው አላነሳሁበትም። ብቻ “ቤቱ በእኔ ስም ብቻ ካልሆነ አልፈርምም” አልኩት። ሰውየውን ታውቂው የለ? ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ነው። ይጮኻል፣ “ምን አጠፋሁ?” ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። “እሺ፣ እንዳልሽ ይሁን” አለና ሊታጠብ ገባ። ምነው በጮኸብኝ!

ለእማዬ ቤት ገዙ ብቻ በያት፤ ሌላውን አደራሽን እንዳትነግሪያት። ነገ እፈርማለሁ፤ ልጆቼ ይግቡበት። እሱ ይግባ አይግባ ግን ገና አልወሰንኩም።

ለአንቺ ጤናውን ያብዛልሽ፣ ለእኔም ሁሉን የሚችል ሆድ ይስጠኝ።

ታናሽሽ፣ ያቺ ጠርጣራዋ