ከቀድሞ ባሌ ጋር ደጋግሞ ላጋባኝ ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የቤተሰብ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ሥርዓት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ ምድር ቤት እንዳለው ዋና መዝገብዎ በየጊዜው የሚታደስ እንጂ እንደ ሦስተኛው መስኮትዎ ባለበት የከረመ እንዳይሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት የምሠራ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ የሰውን ልብስ በልኩ ስሰፋ ኖሬ የራሴ ትዳር ግን በልኬ አልሆን ስላለኝ በሕግ ፈትቻለሁ። ፍቺዬም በመሥሪያ ቤትዎ አንደኛ መስኮት ተመዝግቦ፣ ጸሐፊዋ «አለቀ፤ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ማለቴ አይዞሽ» ብላ ሸኝታኛለች። አሁን ደግሞ የፊታችን እሑድ አንድ የአሳንሰር ጠጋኝ ላገባ ስለሆነ፣ ያላገባሁ መሆኔን ከሦስተኛው መስኮት ማረጋገጥ ብቻ ቀርቶኛል። ይህቺው «ብቻ» ናት ለእርስዎ እንድጽፍ ያበቃችኝ።

ቅሬታ ለማለት ድፍረቱ ስለሌለኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ። ዱሮ «ሲስተም የለም» ስንባል በሰላም ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር። ዛሬ እግዜር ይስጥዎና ሲስተም አለ። የየመስኮቱ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ጥያቄ ምድር ቤት ድረስ መውረድ ስለሚታክተው፣ አንድ ጊዜ ያየውን ፋይል ግልባጭ አጠገቡ አስቀምጦ ከዚያው ላይ ይመልሳል። ዋናው መዝገብ ሲለወጥ ግን ለግልባጩ «ተለውጧል» ብሎ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ስሜን ተናግሬ ሳልጨርስ «ባለትዳር ነሽ» ተባልኩ። በሕይወቴ እንዲህ የፈጠነ ስሕተት አይቼ አላውቅም።

2ኛ. ስለ ሠራተኛዎ ታማኝነት። የሦስተኛው መስኮት ሰውዬ በስክሪን ላይ ካየው ሌላ ምንም ስለማያምን ባለጉዳዩ ሁሉ «ስክሪኑ» ይለዋል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ባሳየው ስክሪኑን አየ። ፀጉር አስተካካይ የሆነው የቀድሞ ባሌ ራሱ መጥቶ «ወንድሜ፣ እኔም ፈትቻታለሁ፣ እሷም ፈትታኛለች፣ ሁለታችንም ተመችቶናል» ቢለው፣ አሁንም ስክሪኑን አይቶ «እኔ ጋ ግን አልተጣላችሁም፤ እስቲ ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩ» አለን። ስንት ሽማግሌ ተመላልሶ ያቃተውን ዕርቅ አንድ ኮምፒውተር ሳይነሣ ሳይቀመጥ ጨረሰው።

3ኛ. ስለ ሁለተኛው ሠርጌ። ከመጣሁ አይቀር ብዬ ስልክ ቁጥሬን እንዲያስተካክልልኝ ለመንኩት። እሱም በአሮጌው ግልባጭ ላይ ቁጥሬን ለውጦ ግልባጩን እንዳለ ወደ ዋናው መዝገብ ላከው። ዋናው መዝገብ ደግሞ የላኩለትን የማይመልስ ጨዋ ነውና አዲሱን ስልክ ከአሮጌው ባል ጋር አንድ ላይ ተቀበለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ስልክ ላስቀይር ገብቼ ተድሬ ወጣሁ። የአንደኛው መስኮት ጸሐፊ ፍቺዬን ዳግም ስትመዘግብ «ሁለተኛው ቀለል አይልም?» ብላ ጠየቀችኝ። ይላል።

4ኛ. ስለ ባለሙያዎ ምክር። አንድ አንደበተ ለስላሳ የኮምፒውተር ባለሙያዎ ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ፦ ግልባጩ ቀኑን ሙሉ ማንም ካልከፈተው በራሱ ይጠፋል፤ አንድ ሰው በከፈተው ቁጥር ግን «ለካ እፈለጋለሁ» ብሎ ዕድሜው ይታደሳል። «ስለዚህ እትዬ፣ ዝም በይው፤ ካልጠየቁት ይረሳሻል» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ዝም የሚል ሰው ከወዴት ላምጣ? የወደፊት አማቴ «ልጄን ለሰው ሚስት አልድርም» ብለው በየጠዋቱ መስኮቱ ላይ ናቸው፤ ሁለት ባላ ትከል የተባለው ለባል እንዳልሆነም በሰው ፊት መክረውኛል። የቀድሞ ባሌ ሱቁን ሳይከፍት ሄዶ «አሁንስ ነፃ ወጣሁ?» ይላል፤ እንዲህ ማለዳ መነሣት እንደሚችል አብረን ስንኖር አንድም ቀን አላሳየኝም። እጮኛዬ በምሳ ሰዓት ይሄዳል። እኔም፣ ምን ልዋሽዎ፣ ስደውል እውላለሁ። አራታችን ተረባርበን ያንን ትዳር በሕይወት አቆየነው። በጊዜው እንዲህ ተንከባክበነው ቢሆን ኖሮ መቼ እንፋታ ነበር!

አማቴ እስከ ዓርብ ማታ መስኮቱ ነፃ ነሽ ካላለኝ ሠርጉ ይቅር ብለዋል። ግልባጩን በአንድ ቁልፍ መደምሰስ እንደሚቻል ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል፣ እርስዎ ደግሞ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ስብሰባ ላይ ነዎት። ስለዚህ ራሴ ተሰናድቻለሁ። ሐሙስ ዕለት አማቴን ለሠርግ ቀሚሳቸው ልኬት ብዬ ቀኑን ሙሉ በመርፌ ቁልፍ ወጥሬ አቆማቸዋለሁ። የቀድሞ ባሌን እጮኛዬ አሳንሰር ያሳየዋል፤ አሳንሰሩም በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል ይበላሻል፤ ጠጋኙም አብሮት ውስጥ ነው። ስልኬን ለጎረቤት አደራ እሰጣለሁ። ከእርስዎ የምለምነው ሐሙስን ብቻ ፋይሌን ሰው እንዳይነካብኝ ነው።

በዋናው መዝገብዎ ፈት፣ በሦስተኛው መስኮትዎ ባለትዳር፣ በአማቷ ዘንድ ተጠርጣሪ፣ በተበተነው የጥሪ ካርድ ላይ ሙሽራ የሆንኩት፣ የትኛዋ ሆኜ እንደምፈርም ባላውቅም ሁላችንም የምናከብርዎ፣

የማዞሪያዋ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ የእርስዎ ቢሮ ጸሐፊ ደውለው፣ ደጋግሜ በመደወሌ ጉዳዬ ልዩ ትኩረት እንደተሰጠውና ከነገ ሐሙስ ጀምሮ እርስዎ ራስዎ ፋይሌን በሦስተኛው መስኮት በየሰዓቱ እያስከፈቱ እንደሚከታተሉት አበሠሩኝ። ክብረት ይስጥልኝ። ግን በፈጠረዎ፣ ከሌላው ባለጉዳይ ለይተው አይዩኝ፤ ለሁሉም እንደሚያደርጉት እኔንም ይርሱኝ።