መኪናው ቆሞ መሬቱ ሲሄድ

መጋቢት 9 ቀን 1979፣ መተማ

ሙቀት። ጥላ ሥርም ሙቀት ነው። ጎኔን ሳገላብጥ ዋልኩ።

የሚጽፈው ልጄ ይርዳው ነው፤ የምናገረው እኔ አዛናው። ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ቃሌን የሚያሳምርልኝም አልፈልግም፤ እንዳልኩት ጻፍ ብየዋለሁ። ዝናቡ መቼ ገባ፣ ሰሊጡ መቼ ታጨደ... እየረሳሁ ስለ ተቸገርኩ ነው ማጻፌ።

ይርዳው እዚሁ ትምህርት ቤት ያስተምራል። የቀረኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሙ ዘምቶ በዚያው ቀረ። ይኸኛውን እስካሁን ለውትድርና ያልወሰዱብኝ መምህር ስለ ሆነ ነው።

እዚህ ላይ ብዕሩን አቆመ። ጻፍ አልኩት።

መጋቢት 14

ሙሐመድጣሂር፣ ሱዳኑ ነጋዴ፣ ከገዳሪፍ ያመጣለትን ማሽን ይርዳው አሳየኝ። ኮምፒዩተር ይለዋል። ትልቅ ነገር መስሎኝ... የጫማ ካርቶን ክዳን የሚያህል፣ ፊደል የተደረደረበት። የገበሬ ማኅበሩ ቴሌቪዥን ላይ ይሰኩታል። ቴሌቪዥኑ እንደሆነ ጣቢያ ይዞ አያውቅ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ይበራል፣ ተማሪዎቹ ጨዋታ ይሠሩበታል።

“ጨዋታ ለማስተማር ነው ደመወዝ የሚከፍሉህ?”

“መጫወቱን አይደለም አባየ። ጨዋታውን ራሳቸው ነው የሚሠሩት። ማሽኑ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርግ።”

“እንዳንተ አይደለማ።”

ሳቀ። ይህንንም ጻፈው።

መጋቢት 20

በአጥሩ በኩል አየኋቸው። አብደዋል።

የባየሽ ልጅ ሀብትነሽ መሀል ሜዳ ቆማ ሰፌድ እንደ መሪ ታሽከረክራለች። እግሯን አታነሣም። ሌሎቹ የማሽላ አገዳ ተሸክመው በአጠገቧ ወደ ኋላ ያልፋሉ። ያለፈው ዞሮ ይሮጥና እንደገና ከፊት ይገባል። ይርዳው እያጨበጨበ “አጥፉ! አንድ እርምጃ! ሣሉ!” ይላል። የተማረ ሰው...

ቤት ሲመጣ ጠየቅሁት።

“መኪናው አይሄድም አባየ። ቆሞ ነው። ከጀርባው ያለው መሬት ነው የሚሄድ። ዛፉን አጥፍተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይስሉታል፣ ደግሞ ያጠፉታል። በዚህ ጫፍ ሲወጣ በዚያ ጫፍ ይገባል። መኪናው የሚሄድ ይመስላል።”

“ውሸት አስተምራለሁ በለኛ።”

አንገቱን ደፍቶ ጻፈው። እንዲህ ሲያደርግ እናቱን ነው የሚመስል... ነፍሷን ይማር።

ሚያዝያ 6

ዛሬ አስገብተው አሳዩኝ። ሁሉ ነገር ከጡብ የተሠራ ይመስላል። ግን መኪና ነው፤ ሰሊጥ ጭኗል። የሰሊጡ ክምር ያልፋል፣ የሮቃው ዛፍ ያልፋል... ቁልፍ ሲጫኑ መኪናው ጉድጓድ ይዘላል። ካልዘለለ አለቀ፣ እንደገና ነው።

ይርዳው መሬቱን ምን እናስመስለው ሲላቸው የሚያውቁትን መንገድ ነው የሣሉ። ከሸሕዲ ይነሣል፣ በገበያው ያልፋል፣ ኾሩን፣ የድንበሩን ወንዝ፣ ይሻገራል። ከወንዙ ማዶ ቆርቆሮ ቤትና ጀለቢያ የለበሰ ሰው።

“ሙሐመድጣሂር ነው” አለች ሀብትነሽ። “ሆዱን ይዩት አባ አዛናው።”

ሳቅሁ። እኔ።

የሠሩትን ካሴት ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ሲከፍቱት ዘፈን የለው፣ እንደ ፌንጣ ይጮኻል። ለላብ አደሮች ቀን አዳራሹ ውስጥ ለሕዝብ ያሳያሉ አለ ይርዳው። ካድሬውም ይመጣል።

ሚያዝያ 26

የምትጽፈው ሀብትነሽ ናት። ይርዳው የለም።

በበዓሉ ዕለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሰዉ አጨበጨበ። መኪናው ኾሩን ሲሻገር ካድሬው አቁሙ አለ።

“ይህ መኪና ወዴት ነው የሚሄድ?”

ይርዳው “የትም ጓድ። መኪናው ቆሞ ነው፤ ጀርባው ነው የሚንቀሳቀስ” አለ።

ሰው ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ልጆቹ ጥንቅቅ አድርገው የሠሩትን መምህራቸው ሲክድ... ያውም ልጄ። ተነሣሁ።

“ማዶ ገላባት ነው የሚሄድ። የመተማ ሰሊጥ ሌላ የት ሲሄድ አይተሃል? ልጆቹ ያዩትን ሣሉ።”

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ሰሊጥ ለመንግሥት እንጂ ለሱዳን መሸጥ ክልክል ነው። ሁላችን እናውቃለን፣ ሁላችን እናሻግራለን። ከመልመዳችን የተነሣ ልጆቹም፣ መምህሩም፣ እኔም ትዝ አላለን። ለተማሪ ኮንትሮባንድ ማስተማር አሉት። ከዚያው ወሰዱት። ማሽኑንም።

እውነት ተናገርኩ። ምን ማለት ነበረብኝ?

ግንቦት 2

ሀብትነሽ “እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ...” ብላ ተወችው። ይህንንም ጻፊው አልኳት። አልጽፍም አለች።

ጽፋለች።

ግንቦት 8

ሸሕዲ ሄድኩ። ለውትድርና የተሰበሰቡት መጋዘን ውስጥ ናቸው። መምህርነቱን ሰርዘው ከእነሱ ጋር ደባልቀውታል። በመስኮት አነጋገርኩት። ከስቷል።

“የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቸሩ መጥቶ ነበር” አለኝ። “አባትህ ስብሰባ ላይ ቆሞ ጃጅቻለሁ፣ የምናገረውን አላውቅም ካለ ይለቁሃል አለኝ።”

“እኔ? ጃጀሁ?”

“አይበሉ አባየ። ይተዉት።”

ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 12

አልኩት።

ዱላየን ተደግፌ፣ በዚያው አዳራሽ። “ጃጅቻለሁ። ገላባት የት እንዳለ አላውቅም። አፌ ነው የዘባረቀ።” ከኋላ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። ለማንም ዝቅ ያላልኩ ሰው...

ካድሬው “እሺ አባት፣ በቃ ይቀመጡ” አለኝ። ለሕፃን እንደሚባለው።

ይሁን። ይርዳው ይመጣል።

ግንቦት 13

ምልምሎቹ የተጫኑት ከትናንት ወዲያ ነው አሉ። እኔ ቆሜ ስናገር ልጄ ከአገሩ ወጥቶ ነበር።

ቸሩን ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ታውቅ ነበር?

“ኮታው መሙላት ነበረበት አባ አዛናው።”

ይህን ብሎ በሩን ዘጋ። እኔም ወግቼ አልገደልኩት።

ሰኔ 4

ዝናብ ገባ። የሚዘራ ማን አለ?

ልጆቹ ካሴቱን ደብቀው አስቀርተዋል። ያለ ማሽኑ ምን ሊሆን? ሀብትነሽ በባየሽ ቴፕ ከፈተችልኝ። ጩኸት ብቻ። እሷ ዓይኗን ጨፍና “አሁን ሮቃው እያለፈ ነው” ትለኛለች። እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም። እስኪያልቅ አዳመጥኩ።

ሰኔ 19

ከይርዳው ወሬ የለም።

ጎረቤቴ አየሁሽ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን እየገፉባት ነው። የድንበሩን ድንጋይ የተከልን ባሏና እኔ ነን። በእኔ አንድ ቃል የሚያልቅ ነገር። ስንት ድንበር በቃሌ ጸና... አብሬያት ሸንጎ ቀረብኩ።

ቸሩ ቀና ብሎም አላየኝ። “በራስዎ አፍ ጃጅቻለሁ ብለዋል። የእርስዎ ምስክርነት አይያዝም።”

ለገፊው ተፈረደ።

ስንወጣ አየሁሽ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝም። ክንዴን ይዛ ቤቴ ድረስ አደረሰችኝ፤ መንገዱ የሚጠፋኝ መስሏት። ልቀቂኝ አላልኳትም።