አርማዲሎ ተሳቢ አይደለም

ጥር 6
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ከሰዓት ወደ ሬዲዮው የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ደወልኩ... መስመሩ ገባልኝ! «አርማዲሎ ከየትኛው የእንስሳት ምድብ ነው?» አለ አዘጋጁ። «አጥቢ» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ተሳስተዋል እናቴ፣ ተሳቢ ነው። ቅርፊት አለው እኮ!» ብሎ ስልኩን ጠረቀመብኝ።

ዕድሜ ልኬን ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁትን ሴትዮ!

ባሌ ከጋዜጣው ቀና ሳይል፣ «ተይው በቃ። ላላየሽው የአሜሪካ እንስሳ ብለሽ ነው የምትበሳጪው?»

ለእንስሳው ብዬ ነው? እንጃ... እራቱን ግን ራሱ አቅርቦ በላ።

ጥር 7
ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ልብስ ሰፊዋ ከሱቋ ደጅ፣ «እትዬ አርማዲሎ፣ እንዴት አደሩ?» አለች። ልጄም ደወለ። «እማዬ፣ በናትሽ ደግመሽ እንዳትደውዪ። መሥሪያ ቤት ሳይቀር ሳቁብኝ።»

ይሳቁ። ልክ ነኝ።

ጥር 9
ሬዲዮ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። አዘጋጁ በር ላይ ሊሸኘኝ ሞከረ። አልሸኝም!

«ስማ ልጄ፣ ጡት ታጠባለች። ጸጉር አላት። ያ ልብሷ ከቆዳዋ የበቀለ አጥንት ነው፣ የእባብ ቅርፊት አይደለም። ዘመዶቿ እነጉንዳን በል ናቸው።»

«ኤሊስ ታዲያ?»

«ኤሊ እንቁላል ትጥላለች። ይቺ ትወልዳለች! አንዷ ዝርያማ አራት መንታ!»

 ኋላ እንደ ሕፃን ሊያባብለኝ፣ «እሺ፣ ሁለቱም መልስ ልክ ነው እንላለን።»

ሁለቱም? እንዴት ሆኖ?

ጥር 12
አዘጋጁ ያለውን አደረገ፤ በሬዲዮ፣ «ሁለቱም መልስ ተቀባይነት አግኝቷል። እናታችን መጥተው የሽልማት ጃንጥላቸውን ይውሰዱ።»

አልወስድም። በውሸት ጃንጥላ ከምጠለል ዝናቡ ይደብድበኝ። ባሌ፣ «ጃንጥላ እኮ የለንም» አለ። አኮረፍኩት።

ጥር 14
ከጸጉር አስተካካዩ ቤት ጩኸት ሰማሁ። ሮጥ ብዬ ባይ... ባሌ! ግማሽ ጺሙ አረፋ እንደለበሰ ተነስቶ አንዱን ወረፋ ጠባቂ ይሞግታል።

«ታጠባለች ስልህ! ሁለቱም ብሎ ነገር የለም! አንተ ከሚስቴ በላይ ልታውቅ ነው?»

ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ቀርቷል። ባሌ አየኝና አፈረ። «ምን ታይኛለሽ? ነይ አስረጃቸው እንጂ!»

ገባሁ። ወንበር ለቀቁልኝ። አስረዳሁ፣ ለሚሰማውም ላልሰማም ላለውም።

ስንመለስ የቀረ አረፋውን በእጅጌው ጠረገና፣ «ዓሣ ነባሪስ?» አለኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስላስተማርኩት ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

«አጥቢ ነው።»

«ስሙ ዓሣ ሆኖ?»

«ስሙ ዓሣ ሆኖ።»

ቆም አለ። «በይ ነገ ይሄንንም እነግራቸዋለሁ። እስቲ አይደለም ይበሉኝ!»