አባቴን ያለ ልምምድ ተዋናይ ስላደረጉልኝ

ካላክላ፣ ካርቱም
ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሚካኤል
በካርቱም የ«ኅብር» መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የማኅበሩ የፊልም ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የ«ልቤ ጀሪፍ ቀረ» የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ደራሲ፣ ዳይሬክተርና መሪ ተዋናይ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎን እንዴት እንዳደረገዎት በትሕትና እጠይቃለሁ። የፍቅረኛዎን ሻንጣ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ የያዘዎት ውጋት እንደ ለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያንን ትዕይንት አሥራ አራት ጊዜ ያስደገምንዎት እኛ ነንና ጥፋቱ የእኛ ነው። ፀጉርዎም እንደ ጠቆረ ይቆይልን። ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ጽጌም ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ከረሱኝ ላስታውስዎ፦ እኔ ትርንጎ ሰርክአዲስ እባላለሁ፤ በፊልምዎ ውስጥ የሚያፈቅሩኝ ሴት ነኝ። ቀን ቀን ጀሪፍ ሰፈር በሰው ቤት ልጆች እጠብቃለሁ፣ የቀረኝን ሰዓት እጽፋለሁ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያወጣሁት ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ «ሊቀ መንበሩ ቀረጻ ላይ ናቸው» ስለ ተባልኩ ነው። ቀረጻው ካለቀ አርባ ቀን አልፎታል፤ እርስዎ ግን አሁንም እየተወኑ ስለ ሆነ ፀሐፊዎ ዋሸ ልል አልችልም።

አንደኛ፦ ስለ ድርሰቱ። እኔ ያመጣሁልዎ ታሪክ ትንሽ ነበር። ጀሪፍ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በየማለዳው አንድ ባለ ሦስት እግር ሪክሻ ትሳፈራለች፤ ነጂው ከእሷ ጋር ትንሽ ለመቆየት ሲል በየቀኑ መንገድ ይስታል፤ እሷም እያወቀች ዝም ትላለች። ይኸው ነው። እርስዎ ግን በቸርነትዎ ለዘጠኝ ሰው ኮሚቴ መሩልኝ፤ ኮሚቴውም እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ሐሳብ ካላዋጣ ስብሰባ አይዘጋም በሚለው የቆየ ሥርዓቱ መሠረት ድርሰቴን እንደ ዕቁብ ተራ በተራ ወሰደው። ሒሳብ ሹሙ፣ ሪክሻ የማኅበረሰባችንን ገጽታ ያበላሻል ብለው ነጂውን ሐኪም አደረጉት። ፀሐፊው ደግሞ ሐኪም መኪና ያስፈልገዋል አለ፤ ከመካከላችን መኪና ያለዎት እርስዎ ነዎት። የሴቶች ክፍል ኃላፊዋ ልጅቷን ከሰው ቤት አውጥተው ባንክ አስገቧት፤ ስንቶቻችን ካርቱም ውስጥ ባንክ እንደምንሠራ እሳቸው ያውቃሉ። ወላጆች ስለሚያዩት ፍቅረኞቹ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ሁልጊዜ አንድ ዕቃ ይኑር ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እርስዎና እኔ ሻንጣ በመካከላችን አድርገን እንፋቀራለን። አንድ አባል ደግሞ ኮሜዲ ከተባለ ወፍራም ሰው ውኃ ውስጥ መውደቅ አለበት ብለው ስለ ጸኑ፣ አንድ ወፍራም ሰው ያለ ምንም ምክንያት ሁለት ጊዜ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይወድቃል።

ከእኔ ድርሰት የተረፈው ማለዳው ብቻ ነው። በርዕሱ ሥር የእርስዎ ስም ብቻ መጻፉን ሳይ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ሁለተኛ፦ ስለ ተዋናይ ምርጫ። ለነጂው ያሰብኩት ፍሬውን ነበር። ፍሬው የእውነት ሪክሻ ነጂ ነው፤ ካላክላ ውስጥ የማያውቀው ጉድጓድ የለም፤ ገና አፉን ሳይከፍት ሰው ይስቃል። በፈተናው ቀን አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። በማግስቱ እርስዎ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ የሐኪም ፊት ግን የለውም» ብለው የሐኪም ፊት ፍለጋ ወጡ፤ ብዙም ሳይርቁ መስታወት ውስጥ አገኙት። በወረቀት ላይ ሃያ ስምንት ዓመት የነበረው ወጣት ሠላሳ ሦስት ሆነ፤ እርስዎም ከሃምሳ ሦስቱ ዓመትዎ ሃያውን ቤትዎ አስቀምጠው መጡ። ሃያው ዓመት ግን ደረጃው ላይ ደረሰብዎት።

ለሴቷ የመጀመሪያ ምርጫዎ የሒሳብ ሹሙ ልጅ ቤቲ ነበረች። ቤቲ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ቆንጆና ጨዋ ልጅ ናት፤ ፍቅሯን በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሰዋለች እንጂ እንከን የላትም። ነገር ግን እናቷ ድርሰቱን አስነብበው ሽማግሌ ከሚላክበት ትዕይንት ሲደርሱ፣ ሴት ልጅ በጨዋታ ከተጠየቀች በእውነት የሚጠይቃት ይጠፋል፣ በእኔ ደጃፍ የውሸት ሽማግሌ አይቆምም ብለው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ሌሎቹም እናቶች ይህን ሰምተው ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተከተሉ። ያኔ ነው ዓይንዎ እኔ ላይ ያረፈው። እኔ ሞኟ ተሰጥኦዬን አይተው ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ኋላ ፀሐፊዎ አፉ አምልጦት እንደ ነገረኝ ግን፣ የተመረጥኩት እናቴ ስለ ሞተችና አባቴ ዓይነ ስውር ስለ ሆነ ነው። «የሚከለክላት ሰው የላትም» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። የሰውን ጉድለት እንዲህ በጥንቃቄ መዝግበው ስለሚይዙ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ለልብስ መግዣው ትዕይንት ኦምዱርማን ገበያ ጠብቂን ብለው ላኩኝ። ጠበቅኋችሁ። ማንም አልመጣም፤ ወደ ማዶ የሚያሻግረው ኩብሪም ለሰልፍ ተዘግቶ ስለ ነበር እስኪከፈት ቆሜ፣ በሁለት ሃፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ ቤቴ ስደርስ ጀምበር ጠልቃለች። እርስዎ በዚያ ሰዓት ሁሉ ካሜራ አስይዘው ካላክላ እኛ ቤት ነበሩ።

አባቴ ሰርክአዲስ በደርግ ጊዜ በገዳሪፍ በኩል በእግሩ የገባ መምህር ነው። ስኳር ዓይኑን ከወሰደበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጎረቤታችን ሬሕማ በር ስትከፍት ጋሽ ሻምበልና ጋሽ ሰብስቤ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። እነዚህ ሁለት አዛውንት በዚህ ከተማ ስንቱን ያጋቡ፣ የተኳረፈውን ስንቱን ያስታረቁ የእውነት ሽማግሌዎች እንጂ ተዋናዮች አይደሉም፤ እርስዎ «ተፈጥሯዊ እንዲሆን» ብለው ነው ያመጧቸው። አባቷ ያውቃሉ ወይ ብለው ቢጠይቁዎ፣ ሁሉን ነግራቸዋለች አሏቸው። ከገቡ በኋላ ግን ግድግዳው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አዩና ተመልሰው ደጅ ወጡ፤ በሥዕሏ ፊት «ዶክተር ናሆም» ለሚባል ከፊልሙ ውጭ ላልተፈጠረ ሰው ሚስት አንጠይቅም፣ ይህ ዋሾነት ነው አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ መፍትሔ ተገኘ። የሌለውን ሰው ትተው ባለው ሰው ስም ጠየቁ፤ «ልጅዎን ትርንጎን ለልጃችን ለሰይፈሚካኤል ይስጡን» አሉ። እንዲህ አድርገው ከውሸት ዳኑ።

አባቴ ካሜራ አይታየውም፤ ማኅበሩን ረግጦ ስለማያውቅም እርስዎን አያውቅዎትም። የሰማው ሠላሳ ዓመት የሚያውቃቸውንና የሚያከብራቸውን የሁለት ሰዎች ድምፅ ነው። ግድግዳ ዳብሶ ተነሥቶ ቆመ። በሰው አገር ብቻዋን ጥያት ልሞት ነው እያልኩ እንቅልፍ አልነበረኝም አለ። አለቀሰ። ሰጥቻለሁ አለ፣ መረቀ። ከካሜራው ኋላ አንድ ሰው ሲስቅ በቀረጻው ውስጥ ይሰማል፤ ሳቁ የማን እንደ ሆነ ካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ያንን እንባ ነው እርስዎ ከሥሩ የሚያስቅ ሙዚቃ ከትተውበት ማስታወቂያ ያደረጉት። ስምንት ሺህ ሰው አይቶታል፤ እየሳቀ ያላጋራው የለም። ዓይን ያወጣ ነገር ነው፣ ግን እንደ ሙያ ሰው እውነቱን ልመስክር፦ በፊልሙ ውስጥ በደንብ የተወነው አባቴ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ትዕይንት አብረው ላለመታየት መጠንቀቅዎ ብልህነት ነው።

አራተኛ፦ ስለ ማስተባበያ። ቤት ስገባ አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጦ ለምን ደበቅሽኝ አለኝ። ፊልም ነው አባ፣ ውሸት ነው አልኩት። ሳቀ። የታጨች ልጅ አላየሁም አልሰማሁም ማለቷ በእኛ ወግ ጨዋነቷ ነውና፣ አጥብቄ በካድኩ ቁጥር እሱ አስተዳደጌን እያመሰገነ ሄደ። ብምልለት፣ እናትሽም እንዲሁ ምላ ነበር አለኝ። ይህን ጉድ ለማን ይነግሩታል! ስለዚህ ነገሩን ማንሣት የሚችሉት የጠየቁት ሰዎች ናቸው ብዬ ሄድኩባቸው። ጋሽ ሰብስቤ አባቴ ፊልም መሆኑን አለማወቁን ሲሰሙ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጋሽ ሻምበል ግን፣ ሽማግሌ በላኪ ይሄዳል፣ በላኪ ይመለሳል፣ ያለ እሱ ቃል በገዛ እግራችን ሄደን ማፍረስ አንችልም አሉኝ።

እርስዎ ዘንድ ደወልኩ። «ማዓሌሽ ትርንጎ፣ ከዐርቡ የፊልም ምርቃት በኋላ ይደርሳል፤ ደግሞ ሰውዬው ደስ ብሏቸዋል፣ ምን አስቸኮለሽ፣ በይ ያላ» ብለው ዘጉት። ማዓሌሽ! ሃፍላ ውስጥ የሰው እግር ሲረግጡ የሚባል ቃል እኮ ነው፣ አቶ ሰይፈሚካኤል።

አባቴ ግን የሠርግ ወር ገባ እያለ ቀን ይቆጥራል። በጥምቀት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ለሚያልፈው ሁሉ ሰይፈሚካኤል አማቼ ነው እያለ ሲናገር፣ ማስታወቂያውን ያዩት ሰዎች አፋቸውን ይዘው ሲስቁ፣ እጁን ይዤ ከጎኑ ነበርኩ። ሳቁ የደስታ መሰለው። አንድ በአንድ አመሰገናቸው።

አምስተኛ፦ ልመናዬ። ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከዐርብ በፊት ሽማግሌዎቹን መልሰው ይላኩና አባቴ እውነቱን ከሚያምናቸው ሰዎች ይስማ፣ ቃሉንም ከነክብሩ መልሶ ይውሰድ። ሁለተኛ፣ ያንን ትዕይንት ከፊልሙ ያውጡልኝ። እሱ ከወጣ ፊልሙ የሚያስቅ ነገር እንደማይኖረው አውቃለሁ፤ ወፍራሙ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ይውደቅ። ይህ ካልሆነ ግን ዐርብ አባቴን ይዤ አዳራሹ እመጣለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ከእርስዎ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ ምን አይተው ነው የሚስቁት ብሎ ሲጠይቅዎ፣ እርስዎ ይነግሩታል። አማቹ ነዎትና።

የካላክላ አቧራ የክብርዎን ጫማ ዳግመኛ እንዳይነካው እየተመኘሁ፣ ስሜ በድርሰቱ ያልተጻፈ ደራሲዎ፣ በፊልም ፍቅረኛዎ፣ በአባቴ ዘንድ ሚስትዎ፣ በእውነት ግን ምንዎም ያልሆንኩት፣

ትርንጎ ሰርክአዲስ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ባለቤትዎ ወይዘሮ ጽጌ ቤታችን መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል፤ በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሴ ሲያዩኝ ምን ሊሉኝ እንደ መጡ ገባኝ። አባቴ ማን መጣ ቢል ሬሕማ ከሰይፈሚካኤል ቤት ናቸው አለችው። እናትዎ መሰሉት። እጃቸውን ፈልጎ ያዘና እንዲህ ያለ ልጅ ስላሳደጉ አመሰገናቸው። ወይዘሮ ጽጌ የመጡበትን ጠብ ረስተው ተቀመጡ። እጁን እንደ ያዙ፣ እናቱ አይደለሁም፣ ሚስቱ ነኝ፣ ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው፣ ያ ሁሉ ነገር ፊልም ነው ብለው ቀስ አድርገው ነገሩት። ሁለት ወር ሙሉ እኔ ምዬ ያላመነኝን እሳቸውን አመናቸው። አባቴ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ደርሰን ያዝነው። ባለትዳር ላይ ልጄን ሰጥቼ ቤትሽን በድያለሁ፣ ይቅር በይኝ አላቸው። ኮሚቴዎ ዘጠኝ ሆኖ ያላገኘውን ቃል፣ ያልበደለው ሰው ተናገረው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ልመናዬን አንሥቻለሁ፤ ሁለተኛው ግን እንዳለ ነው። ሽማግሌዎቹን ለእኔ ብለው አያድክሟቸው፤ ለራስዎ ያስፈልጉዎታል። ወይዘሮ ጽጌ ወደዚያ ቤት አልመለስም ብለው ይኸው እኛ ዘንድ ናቸው፤ ሬሕማ ፍራሽ አምጥታላቸዋለች። ሊወስዷቸው ከፈለጉ ጋሽ ሻምበልንና ጋሽ ሰብስቤን ይላኩ፣ አባቴ በአክብሮት ይቀበላቸዋል። እርስዎ ግን ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ፤ በእኛ ወግ ላኪው አብሮ አይመጣም።