አምቡላንሳችንን የገደለው ቀልድ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ልብሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያፍንሻል? ጉልበትሽ በአሪዞና ደረቅ አየር ተሽሎታል ወይስ እህቴ አርዲስ እኛን ለማጽናናት ብላ ነው እንዲያ የምትጽፈው? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ የመድኃኒትሽ ነገር ሁሉ እንደምን ነው? እኔ ደህና ነኝ። ምራትሽ ናዲንም በጤናዋ በኩል ምንም አትል። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ ላሞቹም መውለድ ጀምረዋል።

የአምቡላንሱ ሕግ ካለፈ ለበጋ ቤቴ እገባለሁ ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ናዲን መልስ ያልጻፈችልሽ አፍራ ነው። ማፈር የነበረባት ግን እሷ ስላልሆነች፣ እኔ ልጻፍልሽ ብዬ ተነሣሁ።

የነገሩን መነሻ ታውቂዋለሽ። ዋና ከተማ የተቀመጡት ጌቶች ከጁን ጀምሮ ደመወዝተኛ ባለሙያ የሌለው አምቡላንስ ሰው እንዳይጭን ደንብ አውጥተዋል። የእኛን የስቶኒ ፎርድን አምቡላንስ የምንነዳው ደግሞ እኔና የመኖ መደብሩ ሰዎች ነን፣ በነጻ። ሆስፒታሉ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ልብሽ የቆመ ዕለት ማን እንዳደረሰሽ ለአንቺ አልነግርሽም። ናዲን ለምክር ቤቱ የተወዳደረችውም ለዚህ ሲባል ነበር፤ ትንንሽ ከተሞች ከደንቡ ነጻ ይሁኑ የሚል አንድ ገጽ የማይሞላ ረቂቅ ይዛ ገባች። አባላቱን አንድ በአንድ ዞራ ጠየቀቻቸው፣ ሁሉም አለንልሽ አሏት።

ድምፅ የሚሰጥበት ዕለት ለቀብር የምለብሰውን ኮት ለብሼ ሄድኩና የምክር ቤቱ የተመልካቾች ሰገነት ላይ ተቀመጥኩ። አለባበሴ ትክክል እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። እዚያ ቤት አንድ ልማድ አላቸው። አዲስ ገቢ የመጀመሪያ ረቂቁን ሲያቀርብ ለሁሉም ኬክ ያመጣል። ኬኩን እየበሉ የማይረባ ጥያቄ ያዘንቡበታል፣ ከዚያም ሁሉም ቀዩን የተቃውሞ ቁልፍ ተጭነው የግድግዳውን ሰሌዳ በቀይ መብራት ይሞሉታል። አዲሱ ሰው ክው ሲል ይስቃሉ፤ ሳቁ ሲበርድ ወደ አረንጓዴው ይመለሳሉ። ሽበታም ሰዎች ናቸው እንግዲህ፣ ልጅ የዳሩ፣ የልጅ ልጅ ያዩ። ናዲን ልማዱን ስለምታውቅ የአንቺን የፖም ኬክ ጋግራ ወሰደችላቸው።

የአብላጫው ፓርቲ መሪ ዴል ፕሪቸት ፍርፋሪው ጢሙ ላይ እንዳለ ብድግ አለ። ይህ ሰው መስተዋት ፊት ቆሞ መነሣትና መቀመጥ የሚለማመድ ይመስለኛል። «የተከበሩ እመቤት፣ ይህ አምቡላንስዎ የታመመች ላም ይጭናል ወይ?» ብሎ ጠየቃት።

ናዲንም «ላሚቱ መራጭ ከሆነች ይጭናል» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ሳቅኩ። ሰሌዳውም እንደ ልማዱ ቀይ ሆነ፣ ከናዲን አንዲት አረንጓዴ በቀር። አፈ ጉባኤው ግን ያን ዕለት ከመንገድ ተቋራጮች ጋር ምሳ ሊበላ ወጥቶ ወንበሩን ለሽማግሌው ለኦርቪል ክሬብስ ትቶለት ነበር። ክሬብስ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፤ ሲንጫጩም ሲስቁም አልሰማም። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ፣ የድምፅ መስጫውን ማሽን ዘጋ፣ መዶሻውን መታና ረቂቁ ወድቋል አለ።

የወደቀ ረቂቅ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ የሚችለው የተቃወመ ሰው ብቻ ነው፣ ያውም እስከ ማግሥቱ። ከዚያ ሁሉ ሰው መጠየቅ የማትችለው ናዲን ብቻ ነበረች። ለሌላው እጅ ማውጣት ብቻ ይበቃው ነበር። ነገር ግን የከብት ነጋዴዎች ማኅበር ከሕንጻው ጀርባ ሥጋ እየጠበሰላቸው ስለነበር ባርኔጣቸውን አንሥተው ተግተልትለው ወጡ። ሲያልፉ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ ነገ እናስተካክለዋለን ይሏታል። እኔ ሥጋ እንዲህ የሚያሳውር መሆኑን ያየሁት በውሻ ላይ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ፕሪቸት ቢሮው ጠራን። መጀመሪያ ስለ ኬኩ አመሰገናት። ቀጥሎ ረቂቋን ሊያስነሣላት ፈቃደኛ መሆኑን፣ በምላሹ ግን የገጠር ትምህርት ቤቶችን የሚዘጋውን የእሱን ሕግ እንድትደግፍለት በለሰለሰ አንደበት ነገራት። ከሚዘጉት አንዱ የጎረቤቶቻችን የቶቢኖች ልጆች የሚማሩበት ነው፤ እነሱም እንደ እኛው ናዲንን የመረጡ ናቸው።

«ዴል፣ ትናንት የገደላችሁት በቀልድ ነው» አለችው። «ዛሬ ግን እያወቅህ ነው።»

«ሕፃን አትሁኚ ናዲን፣ ፖለቲካ እኮ ነው» አላት።

ትታው ወጣች። ከሰዓት በኋላ በእሱ ሕግ ላይ ቀዩን ተጫነች። ሕጉ ግን ያለ እሷም በሰፊው አለፈ። የእሷ ድምፅ ከመጀመሪያውም አላስፈለገውም ነበር እማዬ፤ የተደራደራት እጁ ስለለመደ ብቻ ነው። ለእኛ ረቂቅ ግን እጁን የሚያወጣ ሳይገኝ ቀኑ መሸ። ናዲን ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እማዬን ምን ልበላት እያለች አለቀሰች።

ያቺ የላም ጥያቄ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ደንቡ የሚይዘው ሰው የሚጭነውን መኪና ነው። ከብት የሚጭነው በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ነው፣ እነሱ ደግሞ ስለ ባለሙያ የሚጠይቁት ነገር የለም። ስለዚህ ሰኞ ዕለት አምቡላንሱን በከብት ማጓጓዣነት ላስመዘግብ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ስንት ላም ይይዛል ስትለኝ፣ አንድ፣ ያውም ተኝታ አልኳት። ቀና እንኳ ሳትል ማኅተሟን መታችልኝ። አልጋውም ኦክስጅኑም በቦታቸው ናቸው፤ የለወጥነው የጎኑን ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ እማዬ፣ ቤትሽ ነይ። አትክልት ቦታሽ ይጠብቅሻል። ልብሽ ካስቸገረሽ የምነዳው እኔው ነኝ። ፖሊስ ቢያስቆመኝ የታመመች ላም ይዣለሁ እላለሁ፤ አንቺም ይቅር በይኝና ድምፅሽን አታሰሚ። የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ግን ኀፍረቱ የእኛ አይደለም።

አርዲስን ስለምታደርግልሽ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥሽ በይልኝ። ለባሏ ለሎይድም የወገቡን ምሕረት እመኝለታለሁ። ትንሿን ክሪስታን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የሷ ጥጃ በደህና ተወልዷል በያት። የመኖ መደብሩ ሰዎች በሙሉ ሰላም ብለውሻል። ናዲን ይህን ደብዳቤ አንብባ ከዚያ ዕለት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከታች ይህን ጨምርልኝ ብላኛለች፦ የመራጭነት ካርድሽን ይዘሽ እንድትመጪ፤ ላሚቱ መራጭ መሆን አለባት።

የሚወድሽ ልጅሽ
ቨርል

ስቶኒ ፎርድ፣ ማርች 28 ቀን 1984