ከበሩ አናት የመጣው ድንጋይ

መስከረም 24

ካትማንዱ ደመና ለብሳ ዋለች። የአባዬ ድንጋይ ከአገር ቤት፣ ከማናንግ በአውቶቡስ ደረሰ። በሹራቡ ጠቅልሎ ነው የላከው፤ የተራራ ከብታችን የያክ ቅቤ ይሸታል። እግሬን ወለም ባይለኝ እኔው ነበርኩ የምወጣው። "ደረጃ ላይ ወለም የሚላት የተራራ ልጅ!" ብሎ ስቆብኝ፣ ራሱ ወጣልኝ። ለጥናቴ፣ ከተራራው በር አናት፣ ሰው ከሚሻገርበት ከመጨረሻው ከፍታ አምጣልኝ ነው ያልኩት። አመጣ። ጎበዝ አባቴ!

ጥቅምት 2

ፈጨሁት። ከአሸዋው ውስጥ የምፈልጋቸውን የማዕድን ፍሬዎች ለቀምኩ። ውስጣቸው ጭረት አለ፤ ድንጋዩ ከምድር ሆድ ሙቀት ወጥቶ ከቀዘቀዘ ወዲህ የተጠራቀመ። ጭረት ሲበዛ ዕድሜ ይበዛል። ቆጠርኩ፣ ቆጠርኩ... ዓይኔን ስጨፍንም ጭረት ነው። ተራራው ከሥሬ ቀስ ብሎ ሲነሳ ተሰማኝ፣ እኔም አብሬው። ተኝቼ ነበር እንዴ?

ጥቅምት 9

ሰባት መቶ ሺህ ዓመት ብቻ! ምን ጉድ ነው? አናት ላይ ያለው ቀድሞ የወጣ ስለሆነ ሽማግሌ መሆን ነበረበት። ከተራራው አጋማሽ ያመጣሁት እንኳ ሁለት ሚሊዮን ነው።

ፕሮፌሰር ቱላዳር ከወንበራቸው ተነሱ። "አናቱ ለብቻው ወደ ላይ እየሮጠ ነው ማለት ነው! የተመራማሪዎቹ ጉባኤ ላይ አንቺ ታቀርቢዋለሽ፣ ያንግዞም።"

እኔ! በእግሬ የተራመድኩ አይመስለኝም፤ ቤቴ ተንሳፍፌ ገባሁ።

ጥቅምት 11

ላበስረው ደወልኩ።

"አባዬ፣ ከየትኛው ገደል ፈልጠህ ነው?"

"ምን አስፈለጠኝ? ከክምሩ አነሳሁት እንጂ።"

ከክምሩ... ሰው ለሞተበት ሰው ከወንዝ ድንጋይ ተሸክሞ ወጥቶ የሚያኖርበት ክምር። ወንዝ ዳር ያለው ደግሞ ገና ትናንት ከምድር ሆድ የወጣ ልጅ ነው። የሚሮጥ አናት የለም። ምንም የለም።

"የማንን ነው ያነሳኸው?"

"የእናትሽን ነዋ! የሰው እነካለሁ? የምትሠሪበትን ቦታ ሳታይ ሞተች፤ እስቲ ትየው ብዬ ነው። ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አልኩት። ዋሸሁ።

ጥቅምት 12

አልቅሼ አነጋሁ። ለፕሮፌሰሩ እውነቱን ነገርኳቸው። "ወይ ልጄ..." ብለው ስሜን ከጉባኤው ሰረዙ። ቆጨኝ? አዎ፣ አንገበገበኝ። ግን ከዚያ የባሰው አባዬ ነው። ምን ብዬ ልንገረው?

ጥቅምት 28

በሩ ላይ ወጣን፣ እኔና አባዬ። በየመታጠፊያው እየቆመ ይተነፍሳል። ደመናው ከእግራችን በታች ነበር፤ መንገዱ የት እንዳለቀ፣ ሰማዩ የት እንደጀመረ አላውቅም።

ከገደሉ በገዛ እጄ ድንጋይ ፈልጬ ወሰድኩ። ከዚያ ከእናቴ ድንጋይ የተረፈውን አሸዋ በከረጢቱ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"አባዬ... ፈጨኋት። ሳላውቅ።"

ከረጢቱን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው። ነፋሱ ክምሩ ላይ የታሰሩትን የጸሎት ጨርቆች ያርገበግባል።

"የምትሠሪበትን ግን አየችው?"

"እያንዳንዱን ክፍል።"

"ዕድሜዋስ?"

"ሰባት መቶ ሺህ። እዚህ ካለው ድንጋይ ሁሉ እሷ ናት ትንሿ።"

"ልጅ ናት በይኛ!" ሊስቅ ነበር፣ ድምፁ ተሰበረ። "እኔም ለሰው ሁሉ የምለው ይሄንኑ ነው። በልጅነቷ ነው የሄደችብኝ።"

ክምሩ ላይ ይበትነዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከረጢቱን ጉያው ውስጥ ከተተውና ወረድን።